ሃያ አራተኛዋ ከረሜላ

ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ መድኃኒት ሲቀምም የኖረ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣም ቅጽል ስሙ ተከትሎት ሰፈር ገባና «ጋሽ ሚዛን» ሆኖ ቀረ። ስሙ የወጣለት በፍርድ አዋቂነቱ ሳይሆን በእጁ ነው። ዱቄት በትንሿ ማንኪያ ጫፍ ቆንጥሮ ሚዛኑ ላይ ሲያደርግ መርፌው ወዲያና ወዲህ ሳይዋልል ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ወጣቶቹ «እሱ እኮ አይመዝንም፤ ሚዛኑ ነው እሱን የሚጠይቀው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በዚያ ምድር ቤት ከእሱ በፊት የነበረ አንድ ደንብ ነበር። ኃይለኛ መድኃኒት ማንም ብቻውን አይመዝንም። አንዱ ይመዝናል፤ ሌላው ከአጠገቡ ሆኖ መርፌውን ያያል፤ ያየውንም ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። መዛኙ ቁጥሩን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማ ወደ ሙቀጫው አንዳች ነገር አይጨምርም። ይህን «ሁለተኛ ዓይን» ይሉታል። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ ምክንያቱን ሲነግረው «የደከመ ሰው ያለውን አያይም፤ እንዲኖር የሚፈልገውን ነው የሚያየው» ብሎት ነበር። ሰውየው ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ የሥራ ደንብ ብቻ አድርጎ ቆጠረው።

ሲጋራም የሚያጨሰው እንደሚመዝነው ነበር። በቀን ሃያ፤ አንዲት አትጨምርም፣ አንዲት አትጎድልም። አብዛኛዎቹን የሚያጨሳቸው ከሥራ መልስ እቤቱ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጋዜጣውን ዘርግቶ ነው። ሚስቱ በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። ቀኑን በካውያ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ትውልና ቤቷ ስትገባ የእሱ ጭስ ይቀበላታል። አንድም ቀን ሲጋራ ከንፈሯን ነክቶት አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን የራጅ ፊልሟን በትልቅ ፖስታ ይዛ ከሐኪም ቤት ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ሰው፣ ሐኪሙ ታጨሻለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለችው።

«ምን አልሽው?»

«ባሌ ያጨስልኛል አልኩት።»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነባት፤ ሳሉም አልቆም አለ። እሱ በጣቶቹ መሃል የያዘውን ሲጋራ መተርኮሻው ላይ ደፈጠጠው። የመጨረሻው ነበር። ሲጋራውን እሱ አጨሰው፤ ሳሉን እሷ ሳለችው። ይህን ለራሱ ሲለው ቃላቱ በትክክል የተመዘኑ ይመስሉታል፤ ስለዚህም ይጠላቸዋል።

በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዕድሜ ልኩን ያልተንቀጠቀጠ እጅ! ሻይ ሲቀዳ ከኩባያው ውጭ አፈሰሰ። አንድ የድሮ ባልደረባው ሊጠይቀው መጥቶ ይህን አየና፣

«ለሱስ ማስለቀቂያ የሚመጠጠው ከረሜላ በየፋርማሲው ሞልቷል እኮ። ምን ያሠቃይሃል?» አለው።

«የማላውቀው ሰው የመዘነውን አፌ ውስጥ አላስገባም።»

«ወይ ኩራት! እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ራሴ እሠራዋለሁ።»

ባልደረባው ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ተሸነፈና በአንዲት ቡናማ ጠርሙስ በውኃ የቀጠነ ኒኮቲን አመጣለት። ሲሰጠው ጠርሙሷን ወዲያው አልለቀቀም። «ይቺ መርዝ ናት፤ አንተው ታውቃታለህ። የአንተ እጅ ባይሆን አልሰጥም ነበር» አለው። በኋላ ሰውየው ይህችን ቃል ደጋግሞ አስታውሷታል።

ሥራው በወር አንድ ጊዜ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይሆን ጀመር። ሁለተኛዋ ዓይን ሚስቱ ሆነች። ከፊት ለፊቱ ባለው ወንበር ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ መርፌውን ታያለች። «ሁለት» ትላለች፤ ቀጥላም «አይቻለሁ።» ጠብታ ሲያንጠባጥብ እያንዳንዷን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ እሷም ከኋላው ትከተላለች። «አንድ።» «አይቻለሁ።» «ሁለት።» «አይቻለሁ።» አንዳንዴ ሳሏ ይመጣባትና እጇን ታነሣለች፤ እሱ ጠብታውን አየር ላይ ይዞ ይጠብቃታል። ከዚያ ስኳሩ ከሙጫው፣ ሙጫው ከናናው ጋር ተለውሶ ይጠፈጠፋል፤ በጠርሙስ ክዳን እየተቆረጠ ሃያ አራት ከረሜላ ይወጣዋል። እያንዳንዷ ልክ ሁለት ግራም። ስትደርቅ እሷ ሰም በተቀባ ወረቀት ጠቅልላ ሁለቱን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«ሰው በስተርጅና ከረሜላ ሠሪ ሆነ ቢሉኝ ማን ያምነኛል?» ትለው ነበር። «ዝም ብለህ ስኳሩን ብቻ ብትመጥ አይሻልም?»

«እደርስበታለሁ። በየወሩ አንድ ጠብታ እየቀነስኩ ባዶ ላይ እደርሳለሁ።»

«እኔስ እደርሳለሁ?»

ከሃያ ጠብታ ጀምረው ነበር። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ አልቀነሰም። አሥራ አንድ ላይ ቆመ። ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም፤ ቆጠራው የሁለት ሰው ሥራ ነበርና ብቻውን ወደ አሥር መውረድ እሷን አንድ ደረጃ ላይ ጥሎ መሄድ መሰለው። ወንበሯን ከቦታው አላነሣውም። መኝታ ክፍሏን ዘጋ። እሱ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ይተኛል። ሲመዝን ግን አሁንም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጠርቶም አንዲት ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል። መልስ እንደማይመጣ ያውቃል። የሚጠብቀው እጁ ስለለመደ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይል ነበር።

ሳሉ ግን ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ የፀሐይዋ ብርሃን ከግድግዳው ላይ ሊለቅ ሲል፣ ከተዘጋው በር ጀርባ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ይሰማዋል። በመዳፍ የታፈነ ሳል፣ ሰው እንዳይረብሽ የሚጠነቀቅ ሰው የሚስለው። የመጀመሪያ ሰሞን እየተነሣ በሩን ይከፍት ነበር። በኋላ ተወው። ቧንቧ ነው አለ፤ ጎረቤት ነው አለ። ምድር ቤት ውስጥ አርጅቶ በዓይን የማይታይ ነገር ሲመዝን የኖረ ሰው፣ የማይታይ ሁሉ የለም ብሎ ለመማል አይደፍርም።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ በተቀበረች በሳምንቱ መጥታ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተቻቸውና ጀርባዋን እንደሰጠችው እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ ስለ እማዬ አንዲት ቃል አልናገርህም። አልቋል። ልጄን ግን የሚጎዳት ነገር ባለበት ቤት አላስገባትም። አንድ ቀን ጭስ ቢሸተኝ፣ ያን ቀን የመጨረሻችን ነው።»

«አይሸትሽም።»

ቃሉንም ጠበቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጁ በየቅዳሜው እሱ ዘንድ ትውላለች፤ እናቷ ሱቋን ዘግታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትወስዳታለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ቆማ መሄድ አታውቅም፤ ከጠረጴዛ ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ወደ ደጃፍ ትዘላለች፤ ስለዚህ ፌንጣ ይላታል። በሳምንቱ ውስጥ የሚጠብቀው ሌላ ነገር የለውም። ስድስቱ ቀን ለሰባተኛው መንገድ ነው።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ከረሜላዎቹን አይታ ዓይኖቿ ስላበሩ ፈርቶ ዋሻት።

«ይሄ ከረሜላ አይደለም ፌንጣዬ። የሳል መድኃኒት ነው። የሚያስል ሰው ብቻ ነው የሚወስደው።»

«አንተ ታስላለህ እንዴ አባባ?»

«እንዳላስል ነው የምወስደው።»

ለእናቷም ከፋርማሲ የሚገዛ አስመስሎ ነገራት። ከረሜላዎቹን ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጅቱ ሳትመጣ ልጨርስ ብሎ የወሩን ሥራ ጀመረ። ስኳሩን መዘነ። ጠርሙሷን ከፈተ። «አንድ» አለ፤ ጠበቀ። «ሁለት» አለ፤ ጠበቀ። ስድስት ይሁን ሰባት ላይ ሲደርስ ከወንበሩ በኩል፣ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት፣

«አይቻለሁ» የሚል ድምፅ ሰማ።

ቀና አለ። ወንበሩ ባዶ ነው። ጀርባው ላይ የተንጠለጠለው ሹራቧ አልተንቀሳቀሰም። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ ሆኖ እንደቆየ አያውቅም። ወደ ራሱ ሲመለስ እጁ ሙቀጫው ላይ ነው፤ ከማንጠብጠቢያው ጫፍ ጠብታዎች እየተከታተሉ ወድቀዋል። «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ» የሚለው የራሱ ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ። ግን የመጀመሪያው አሥራ አንድ ነው ወይስ ሁለተኛው? ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየ፤ መስተዋቷ ጠቁሮ ልኳ አይታይም። እጁም እየተንቀጠቀጠ ነበርና ሊጡን እንደ ደንቡ አላሸውም፤ አንዷ ከረሜላ ባዶ፣ ሌላዋ የሦስት የአራቱን ድርሻ የያዘች ልትሆን ትችላለች።

የተጠራጠሩት ነገር ይደፋል። በምድር ቤቱ ይህን የማያውቅ ጠራጊ እንኳ አልነበረም። እሱ ራሱ ስንቱን ወጣት «ድፋው! ምን ትመለከተኛለህ፣ ድፋው!» እያለ አስደፍቷል። ሙቀጫውን አንሥቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ። እዚያም ቆመ። ልቡ አልቻለም። እሷ የቆጠረችው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ዓይን ያየው ነው። እንዴት አድርጎ ይድፋው?

ተመልሶ ጠፈጠፈው። ቆረጠው፤ ሃያ አራት ሆነ። እንደ እሷ ጠቀለላቸው። ማታ ልጅቱ ስትሄድ አስብበታለሁ አለና ትሪውን ጨርቅ አልብሶ ቡፌው ላይ አስቀመጠው። ያልቆለፈው ረስቶ አልነበረም። ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀሉ ፈልጎ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ በሩን አንኳኳ። ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ነበር።

«ጋሽ ሚዛን፣ ዛሬም ከረሜላ እየመጠጡ ነው? ትንሽ ቆይተው ጡጦ እንዳይጀምሩ ብቻ!»

«ጭስህን ወደዚያ ዙርልኝ። ልጅ አለች።»

«ኧረ ዞሬያለሁ! ለእርስዎ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ በጀርባዬ ነው የማወራው።»

ደጃፍ ላይ ቆመው ስለ ቧንቧው፣ ስለ አከራያቸው አወሩ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሲመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የዝላይ ድምፅ የለም። የትሪው ጨርቅ አንድ ጎኑ ተነሥቷል።

ቆጠረ። ሃያ ሦስት። እያንዳንዷን በጣቱ እየነካ እንደገና ቆጠረ። ሃያ ሦስት።

ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል አድርጋ አቀርቅራለች።

«ፌንጣ፣ ከዚህ ላይ ወስደሻል?»

ከፊቷ ተንበረከከ።

«አባባ አይቆጣሽም። ንገሪኝ። በልተሻታል?»

አንገቷን የበለጠ ደፋች። አገጯን ይዞ ቀና አደረጋት። ፊቷን አየ፤ አልገረጣም። ትንፋሿን አሸተተ፤ የናናው ሽታ በመላው ቤት ስለተሰራጨ ከእሷ ይምጣ ከአየሩ አልለይ አለው። ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚጀምር ያውቃል፤ ምራቅ፣ ማስመለስ፣ ከዚያ ልብ። አንድ ትልቅ ሰው የሚያጥወለውለው መጠን በዚች ትንሽ አካል ውስጥ ምን እንደሚሆን ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ማስላት ይችል ነበር። አሰላውም።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ልጁ መጣች፤ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯ እንደተጠመጠመ ነው።

«ምነው ሁለታችሁም? ምን ሆናችኋል?»

አንዲት ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረችው። ልጅቱ ደህና ትመስላለች። ምናልባት የወሰደቻት ባዶዋን ይሆናል። ምናልባትም ጨርሶ አልበላችም። ከተናገረ ቅዳሜ የሚባል ቀን ከሕይወቱ ይወጣል። ይህ ሁሉ በልቡ ሲያልፍ ሌላ ነገርም ታየው፤ ሚስቱ ስትስል ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን የሸፈነባቸው እነዚያ ሁሉ ዓመታት።

«አንድ ከረሜላ ጠፍታለች» አለ። «ከፋርማሲ የመጣች አይደለችም፤ እኔ ነኝ የሠራኋት። ኒኮቲን አለባት፤ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። በልታት ከሆነ ትሞታለች። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

ልጁ አልጮኸችም። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ፤ ልጅቱን ከደረጃው አንሥታ ታቀፈቻትና አፏን በጣቷ ከፈተች።

«በልተሻል? በልተሻል ወይ ነው የምልሽ!»

«አልበላሁም!» አለች ልጅቱ፤ ልቅሶዋ ፈነዳ። «የሚያስል ሰው ነው የሚበላው! እኔ አላስልም!»

«ታዲያ የት አለች?»

«ለእማማ ሰጠኋት።»

«ለየትኛዋ እማማ?»

ልጅቱ በእንባዋ መሃል የተዘጋውን በር አመለከተች። «አትግቢ ብሎኛል፤ ግን ስታስል ሰማኋት።»

የልጁ ፊት ተለወጠ። ዞራ አባቷን አየችው። እሱ ግን የሚያየው በሩን ነበር፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያንን ሳል የሚሰማ ሌላ ሰው በዓለም ላይ አለ ብሎ አስቦ አያውቅም።

በሩን ከፈቱት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። አንሶላው ሚስቱ በመጨረሻ እንደተኮሰችው መሥመሩን እንደያዘ ነው። ትራሱ ላይ፣ ጭንቅላት በሚያርፍበት መሃል፣ ከረሜላዋ ተቀምጣለች። ልጅቱ ለበሽተኛ ይቸግራል ብላ ወረቀቷን ፈትታላታለች፤ ወረቀቱንም አጣጥፋ ራስጌ ካለው ከሟቿ መነጽር አጠገብ አኑራዋለች።

«ልሰሻታል? ትንሽ እንኳ?» አለች እናቷ።

«አልላስኳትም ስልሽ!»

ሰውየው ከረሜላዋን በወረንጦ አነሣት። ደርቃለች፤ ጠርዟ እንደተቆረጠች ስለት አለው። ዓይኑን ግን አላመነም። ወደ ወጥ ቤቱ ወስዶ ሚዛኑ ላይ አደረጋት። መርፌው ተንቀሳቀሰ፤ እሱ ከእንባው የተነሣ አልታየውም።

«እዚህ ቁጭ በይ» አላት ልጁን።

ወንበሩን አየችው፣ ሹራቡን አየችው። ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ስንት ይላል?»

«ሁለት።»

«ደህና አድርገሽ እዪ። ትንሽ ዝቅ አላለም?»

«ሁለት ነው አባዬ» አለች። ቀጥላም «አይቻለሁ» አለች።

ተራ ቃል ነው፤ ማንም ይለዋል። ማንም አላስተማራትም፤ እሷ ከዚህ ቤት የወጣችው ያ ጠረጴዛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ወረንጦው ከእጁ አምልጦ ጠረጴዛውን መታ።

ያም ሆኖ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ልጅቱን አንድ ሁለት ሰዓት አቆይታ አየቻትና ምንም የላትም አለች። ትሪውንና ቡናማዋን ጠርሙስ ተቀበለችው። ስንት ዓመት መድኃኒት ቤት እንደሠራ ጠይቃው ሲነግራት ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም፤ ያ ከስድብ ሁሉ ከበደው። በፋብሪካ የተሠራውን ከረሜላ፣ እየቀነሰ የሚወስድበትን ቀን ጭምር ጽፋ ሰጠችው።

ልጁ እስከ በሩ አደረሰችው። ልጅቱ ትከሻዋ ላይ አንቀላፍታለች።

«ቅዳሜ...» አለና አቋረጠው።

ልጅቱን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ብትደብቀኝ ኖሮ ዳግመኛ አታያትም ነበር» አለች። «ቅዳሜ እንመጣለን። እኔም አብሬያት እውላለሁ። ሚዛኑን ግን ስጠኝ።»

ገብቶ አመጣው። መመዘኛዎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሣ በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ በየቀዳዳቸው ደረደራቸው፤ ክዳኑን ዘጋ። ከዚያ የጋሽ ሚዛን ሚዛን በልጁ ብብት ሥር ሆኖ ሲሄድ ከደጃፉ ቆሞ አየው።

አሁን የሚመጥጠው ፋብሪካ የሠራውን ነው። የማያውቀው ሰው መዝኖታል። ናናው ከእሱ ናና ያንሳል። ከሽፋኑ ሲያወጣት «አንድ» ይላል፤ ይጠብቃል። ከወንበሩ በኩል ምንም አይሰማም።

በተከታዩ ቅዳሜ እናትየዋ ሶፋው ላይ ጨርቅ ስታጥፍ ፌንጣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ወደ ተዘጋው በር ሄደች፤ ጆሮዋን ለጠፈች። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ልትለቅ ነው።

«አባባ፣ እማማ አሁን አታስልም። መድኃኒቷ አዳናት፣ አይደል?»

ሰውየው ከወንበሩ ትይዩ ተቀምጦ ነበር። ከበሩ ጀርባ፣ በመዳፍ የታፈነ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ሰማ።

«አዎ ፌንጣዬ» አላት። «ድናለች።»